ከመስመሩ ያለፈው የፍሬን ዘይት

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ውስጡን ሞላው። የሚያውቀው ያውቀዋል። የተቃጠለ ጎማም የተቃጠለ ፀጉርም አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድም የሚል የራሱ ሽታ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ኧረ መስኮት ክፈቱ፣ አለቅን እኮ!» አሉ። ሾፌሩ ግን በአንድ እጁ መሪ በሌላው ስልክ ይዞ ይስቃል። እኔ ደግሞ፣ እኔን ይድፋኝ፣ መፍራት ሲገባኝ ሆዴ ባባና እንባዬ መጣ። ጋሽ ስማቸው ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ስማቸው መካኒክ ነበሩ፤ ጎረቤታችንም ነበሩ። ጋራዣቸው ከጋፋት የሚመጣው የእግር መንገድ ከዋናው መንገድ ጋር ከሚገናኝበት አለፍ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ዳስ ነው። መሬቱ ከዘይት ጠብታ ብዛት ጠቁሮ ጠጥሮ፣ ክረምት ሲዘንብበት እንኳ አይጨቀይም፤ ውኃው ላዩ ላይ ቀስተ ደመና እየሠራ ይንሸራተታል። እኛ ልጆች ያን ቀለም ለማየት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጎራ እንል ነበር። ግድግዳው ላይ ቁልፎች በየቁመታቸው ተሰቅለዋል። ከቁልፎቹ በላይ፣ የቆሸሸ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ አንድ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል፤ ካህናት ዳዊታቸውን የሚይዙበት ዓይነት። ውስጡ ያለው ግን ዳዊት አልነበረም። የመኪና መጽሐፍ ነበር።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር ይባላል። ለምን እንደተዉት እሳቸውም አይናገሩ፣ ሌላውም ደፍሮ አይጠይቃቸው። ትምህርቱ ግን ከእጃቸው አልወጣም። ፋብሪካ ከመኪናው ጋር የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ከያለበት ይለቅማሉ፤ ሾፌር ወንበር ሥር ወሽቆ የረሳውን፣ መሥሪያ ቤት ከአሮጌ ወረቀት ጋር ያወጣውን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይመጡላቸዋል። አስተማሪው እያነበቡ ይተረጉማሉ፣ ጋሽ ስማቸው በደብተር በአማርኛ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ጥቁር ነው። «ተጠንቀቅ» ወይም «አታድርግ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ቀይ እስክሪብቶ ያነሣሉ፣ በብራና መጽሐፍ የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፈው። ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ያን ደብተር ሳይገልጡ የአንድም መኪና ዘይት አይቀይሩም። መጀመሪያ እጃቸውን በሳሙናና በአሸዋ ይታጠባሉ። አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረውን መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ከዚያ ዜማ በሚዳዳው ድምፅ ማንበብ ይጀምራሉ፤ የትኛው ዓይነት፣ ስንት ሊትር፣ በስንት ኪሎ ሜትር። መቶ ጊዜ የሠሯት መኪና ብትሆንም ያነባሉ።

ሾፌሮች ይስቁባቸው ነበር። «መሪጌታ» ይሏቸዋል። «መሪጌታ፣ ዛሬ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን?» ይላል አንዱ። «እባክዎ ቶሎ ያሳርጉልን፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው!» ይላል ሌላው። እሳቸው አይቆጡም። አንድ ቀን በንፋስ መውጫ መስመር የሚሠራ ሾፌር ግን አፍጥጦ መጣባቸው። እሱ የሞተር ዘይቱ ጊዜው ገና ነው ይላል፤ እሳቸው አልፏል ይላሉ።

«ጋሼ፣ ይኼን የጻፈው ፈረንጅ እኮ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተለሰነ ነው። ለመሆኑ የጉናን ዳገት አይቶታል?»

«አይቶታል» አሉ ጋሽ ስማቸው።

«የት አባቱ አየው!»

ደብተሩን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡለት። አቧራ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ከባድ ጭነት ይዞ የሚነዳ ሰው ከተጻፈው ኪሎ ሜትር በግማሹ ይቀይር ይላል። «ስም አልጠራም እንጂ ጉናን ነው የሚለው» አሉት። ጋራዡ በሳቅ ደመቀ። ሰውየው ዘይቱን ሳይቀይር ሄደ። ወደ ገሳይ ሲወጣም ምንም አልሆነም፤ ይህንንም በመጣ ቁጥር ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር።

ደረቅ ሰው ግን አልነበሩም፤ ይህ እንዲታወቅላቸው እፈልጋለሁ። መጽሐፉ የሚለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ አይገኝም፤ አንዳንዴ ባሕር ዳርም ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ሌላ መላ ይፈልጋሉ። ባለመኪናውን ግን ጠርተው ፊት ለፊት ይነግሩታል። «ይህ መጽሐፉ ያለው አይደለም፤ የኔ ግምት ነው። በሳምንቱ መልሰህ አምጣት፣ ግምቴን ልየው።» እንዲህ የሚል መካኒክ ከሳቸው በፊትም ከሳቸው በኋላም አልገጠመኝም። ሌላው «ሙት፣ አንበሳ አድርጌልሃለሁ!» ብሎ ነው የሚሸኝ።

አባቴ ጥጋቡ ይባላል፤ ሾፌር ነበር። ሃያ አራት ሰው የምትይዝ፣ እኛ አገር ቅጥቅጥ የምንላት ዓይነት አውቶቡስ ነበረችው። እንደ ሰው ያወራታል፤ ዳገት ላይ ያባብላታል፣ ሜዳ ላይ ይሰድባታል። «እኔ መኪናዬን በጆሮዬ ነው የማውቃት» ይላል። ከጋሽ ስማቸው ጋር ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ቢሆንም ወዳጆች ነበሩ። ጋሽ ስማቸው በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጡት አንቱ ይላቸዋል። እሑድ ከሰዓት እኛ ደጅ ቁጭ ብለው ገበጣ ይጫወታሉ፤ አባቴ እየጮኸ ይሸነፋል፣ እሳቸው ዝም ብለው ያሸንፋሉ። አባቴ ባያምንበትም መኪናዋን ሌላ ሰው አያስነካም ነበር። «ያነብንቡላት፣ ምን ቸገረኝ» ይላል ለእናቴ።

ያን ጊዜ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። በየዓመቱ የሰፈራችን የጽዋ ማኅበር ለንግሥ ወደ ጣራ ገዳም ይጓዛል፤ የሚወስዳቸው አባቴ ነው። ይህ ለእሱ ትልቅ ክብር ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ሲሳፈር እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ «ይግቡ፣ ይግቡ» ሲል ደረቱ ሰፍቶ ይታየኛል። በዚያ ዓመት ግን ከጉዞው በፊት ባለው ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ የሰፈራችን ሰው ሞተ። ለቅሶው ከእኛ ቤት ይሰማ ነበር። ሴቶቹ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ቁልፉን አንሥቶ ሲወጣ መኪናዋ እስክትሰወር በሩ ላይ ቆሜ ማየት ጀመርኩ።

በጉዞው ዋዜማ ከሰዓት አባቴ መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ፣ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ዘይቷንና ውኃዋን አየና ምሳ ሊበላ ገባ። እናቴ ከደብሩ ያመጣችውን ጠበል በጠርሙስ ሰጥታኝ «ሂጂ ጎማዋን በሩን ርጪላት» አለችኝ። ረጨሁ። አራቱንም ጎማ፣ በሩን፣ መሪውን ሳይቀር። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛ ሲያመን እንጠመቃለን፤ ግን እንጠጣለንም። መጠመቁ ለላይ ነው፣ መጠጣቱ ለውስጥ። ይቺ መኪና ከላይ ብቻ ተጠምቃ ውስጧን ማን ይጠብቃታል? በርጩማ አምጥቼ ወጣሁ። ራዲያተሩን «እንዳትነኪው፣ ያቃጥልሻል» ስለተባልኩ ተውኩት። ከጎኑ ክዳኑ በእጅ የሚዞር ትንሽ ነጭ ዕቃ ነበር። ከፈትኩት። ግማሽ ብርጭቆ ያህል አጠጣኋት፤ እስከ አፉ ሲሞላ ከደንኩት። «አባዬን ጠብቂልኝ» ብያትም ነበር። ወርጄ በርጩማውን መለስኩ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማኅበርተኛው ተሳፍሮ ጉዞ ተጀመረ። አባቴ ከሩቅ ጉዞ በፊት ሁሌም ጋራዡ በር ላይ ቆም ይላል፤ ጋሽ ስማቸው አንድ ጊዜ አይተው ያሳልፉታል። እኔና እናቴም ተሳፋሪ ነበርን። እሳቸው አይተው እስኪጨርሱ ሁሉም ወረደ። ሰማዩ ከብዶ፣ ካፊያው ቆርቆሮውን ይነካካል። ጋሽ ስማቸው እጃቸውን ታጠቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ኮፋኖውን ከፈቱ። ያን ነጭ ዕቃ ሲከፍቱ እጃቸው ቆመ። ጣታቸውን ነክረው በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ጥጋቡ፣ የፍሬን ዘይቱ ላይ ምን ጨመርክ?»

«ምንም አልጨመርኩም።»

«ከላይኛው መስመር አልፏል።»

«ታዲያ ከጎደለ አይሻልም?»

«የፍሬን ዘይት ይጎድል እንደሁ እንጂ ከራሱ አይጨምርም። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ጨምሮበታል።»

እዚያ ላይ ነው የጨመርኩት እኔ መሆኔ የገባኝ። የእናቴን ነጠላ ጨብጬ ከኋላዋ ቆምኩ። ጋሽ ስማቸው ማኅደሩን አውርደው ደብተሩን ገለጡ፤ ቀይ የተጻፈበት ገጽ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ ወደ ሰዉ ዞሩ። «የገባው ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ መላ አለው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ውኃ ከሆነ ዘይቱን በሙሉ አውጥቼ፣ ቧንቧውን አጥቤ፣ በአዲስ እተካዋለሁ፤ እስከ አራት ሰዓት መንገድ ትገባላችሁ። ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት ከሆነ ግን የውስጡን ላስቲክ ይበላዋል፤ ላስቲኩ ሳይቀየር ይቺ መኪና ቁልቁለት አትወርድም። ላስቲኩ ደግሞ ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው። እስቲ ያየ ሰው አለ?»

ዓይናቸው በሰዉ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ እኔ ጋ ሲደርስ መሬት መሬት አየሁ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ውኃ ነው ብል ሁሉም በሰላም ይሄዳል። አልወጣልኝም። ያ ሁሉ ሰው «ልትፈጀን ነበር» የሚለኝ መሰለኝ። ጠበሉንም ዘይት ውስጥ በመጨመሬ ትልቅ ኃጢአት የሠራሁ መሰለኝ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መጨመሬ አይደለም፣ ዝም ማለቴ ነው።

አባቴ ሰዓቱን አየ፤ ሰዉን አየ። «ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ይቅዱለትና ትንሽ አዲስ ጨምረውበት እንሂድ። ማንም ጋራዥ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እየመጣሁ እኮ ስረግጠው ነበር፤ ቀጥ ነው የሚያደርጋት።»

«እዚህ ሜዳው ላይ ቀጥ ያደርጋታል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እኔ እርግጠኛ ነኝ!»

ጋሽ ስማቸው ቁልፍ አነሡና ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበረከኩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አባቴ የገባው ዘይቱ መሬት ላይ ያኖሩት ጣሳ ውስጥ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ፍሬኑን አፈሰሱት። ከዚህ በኋላ መኪናዋ ትሂድ ቢባልም አትሄድም።

«አንተ ሰውዬ!» አለ አባቴ። እናቴ «እንዴ፣ ጥጋቡ!» ብላ አፏን ያዘች። እሱ ግን አንዴ ወጥቶለታል። «መጽሐፍ ነው ያሳበደህ! ቅኔው እምቢ ቢልህ የመኪና ወረቀት ታነበንባለህ! በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው!»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ በሕግ፣ ኧረ ተው» አሉ። ጋሽ ስማቸው ቀና አላሉም፤ ጣሳው እስኪሞላ እዚያው ተንበርክከው ጠበቁ። ከግንባራቸው የሚወርደው ካፊያ ይሁን ላብ አላውቅም። ማኅበርተኛው ዕቃውን አወረደ፤ ከመናኸሪያ ሌላ አውቶቡስ ተጠርቶ መጣና ሁሉም ተሳፈረ። አባቴ በአዲሱ ሸሚዙ መንገዱ ዳር ቆሞ ሸኛቸው። እናቴና እኔ ቀረን።

ከሰዓት፣ አባቴ ጋደም ሲል፣ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጋሽ ስማቸው መኪናዋ ሥር ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል። ጫማቸውን አየሁ እንጂ ፊታቸውን ስላላየሁ ነው መሰል ቃሉ ወጣልኝ።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ማ? የሺ ነሽ?»

«ዘይቱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ቀስ ብለው ተንሸራተው ወጡና ቁጭ አሉ። «ምንድን ነው የጨመርሽው?»

«ጠበል። በብርጭቆ ግማሽ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። አማተቡ። ይገርፉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ከሱ ሌላስ? ናፍጣ፣ ምን…»

«ሌላ ምንም።»

«ጎሽ። ለምን አደረግሽው?»

«አባዬ እንዳይሞት።»

ወደ መንገዱ ዞረው አፍንጫቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «የሺዬ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «አባትሽን እኔ አልነግረውም። የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ዛሬ ግን አይደለም፤ ዛሬ ማንንም አይሰማም። ሲበርድለት ንገሪው።»

«ውኃ ብቻ ነው እኮ፤ ላስቲኩ መቀየር አለበት?»

«እሱ አርጅቶ አገኘሁት፤ ከተከፈተ አይቀር ይቀየራል። በይ ሂጂ፣ እናትሽ ትፈልግሻለች።» መልሰው ከመኪናዋ ሥር ገቡ።

ላስቲኩ መጣ፣ መኪናዋም ተሠራች። አባቴ ራሱ አልሄደም፤ ረዳቱን ልኮ አስመጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ስማቸውን አኮረፈ። ማኩረፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በየሄደበት ያወራ ጀመር። «ሰውየው በቅናት ነው። በዓሌን በላብኝ። ፍሬኑ ምንም አልነበረም» ይላል፤ ሰውም ያምነዋል፣ ሌላውን ወገን የሚናገር የለማ! በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ሌላ መኪና ያዘ። የጋሽ ስማቸው ደንበኞችም አንድ ሁለት እያሉ ቀነሱ። እሑድ ከሰዓት ደጃችን ጭር አለ፤ የገበጣው እንጨት ቆጥ ላይ ወጥቶ አቧራ ጠጣ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲገናኙ ጋሽ ስማቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ይነሣሉ፣ አባቴ ፊቱን ያዞራል። እኔ መሀል ቆሜ አያለሁ።

እኔን ሲያገኙኝ «የሺዬ፣ ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉኛል። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለም። ምነው አንድ ቀን እንኳ «ነገርሽው?» ቢሉኝ እል ነበር። አለመጠየቃቸው ነው ያቃጠለኝ። ከፋሲካ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ፋሲካ አለፈ። ፈተናውን ስጨርስ አልኩ፤ ጨረስኩ። ነገር ሲቆይ እየቀለለ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፤ አይ ልጅነት! መጀመሪያ የምደብቀው አንድ ጥፋት ነበር፤ በኋላ ጥፋቱን የደበቅሁበት ዓመት ሁሉ ተጨመረበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ተነሣሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ተሰናበትኩ። ጋሽ ስማቸውን ብቻ ሳልሰናበት ሄድኩ።

በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የምሠራበት ቤት አዲሱ የቡና ማፍያ ተበላሸ። ውስጡ የፀጉር ሻምፑ ተገኘ። እመቤቲቱ እኔ ላይ ጮኸች፤ እኔ አይደለሁም ብዬ ብምል የሚሰማኝ አጣሁ። ስልኬን ለሦስት ቀን ወሰደችብኝ። በዚያ ጩኸት መሀል የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ ያየኛል። እጁ በሩን ጨብጧል። እኔ ሳየው መሬት መሬት አየ። ያን አስተያየት ከየት እንደማውቀው እግዜር ያውቃል። ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ። ጋሽ ስማቸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከሙት ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ በሦስት ቀን ቀመስኩት።

ስልኬ እንደተመለሰልኝ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ጠርሙሱን፣ በርጩማውን፣ ዝምታዬን። ሲያበቃ ድምፅ ጠፋ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ጋሽ ስማቸው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ያኑ ዕለት ከሰዓት ነግሬያቸዋለሁ።»

ደህና ሁኚ ሳይለኝ ዘጋው።

የቀረውን እናቴ ነች የነገረችኝ። በማግሥቱ ጠዋት አባቴ የክት ጋቢውን ለበሰ። መኪናዋ ከተሸጠች ቆይቷል፤ በእግሩ ወጣ። እናቴ ነገሩ አላምር ብሏት ተከተለችው። ጋራዡ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣ፤ ትንሽ እንዳይመስልሽ አለችኝ፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ድንጋይ። ጫንቃው ላይ አደረገና አጎንብሶ ገባ። ጋሽ ስማቸው ጉልበታቸው ደክሞ በሥራው ፈንታ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ሲሠራ ያዩ ነበር። ድንጋዩን ሲያዩ ገባቸው።

«የሺ ነገረችህ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አውርደው፣ አውርደው፣ ወገብህን ትሰበራለህ! ይቅር ለእግዚአብሔር።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «እኔ በሦስት ዓመት ትነግረዋለች ብዬ ነበር የገመትኩት። አሥራ አንድ ፈጀባት? ወይ ጉድ! በእልኽ እኮ አንተን ነው የወጣችው።»

አባቴ ድንጋዩን አወረደ፤ ግን አልሳቀም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አላቸው። «ያን ቀን ወርደን ቢሆን እናልቅ ነበር?»

ጋሽ ስማቸው አዎ ቢሉት ያ ሁሉ ዓመት የተነገረባቸው ሐሜት በአንድ ቃል ይካስላቸው ነበር፤ ልጃቸውም መፍቻውን ይዞ መልሱን ይጠብቃል።

«እኔ እንጃ» አሉት። «ምናልባት በሰላም ትደርሱ ነበር። አላውቅም። ስለማላውቅ እኮ ነው ያልለቀቅሁህ።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ በስልክ አብረን አለቀስን። ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ይውላል፤ የገበጣው እንጨትም ከቆጥ ወረደ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። እኔ ልመጣ ሦስት ወር ሲቀረኝ ጋሽ ስማቸው አረፉ። ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ሳልስም ቀረሁ፤ ይህ አልወጣልኝም፣ አይወጣልኝምም። ያን ቀን ሊጓዙ ከነበሩት ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን። ምን እንደተደረገላቸው አያውቁም። እኔም ተደርጎላቸው እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም።

ከወረታ በተመለስኩ ማግሥት የጎረቤታችን ልጅ አዲስ የገዛትን አሮጌ መኪና ይዞ እኛ በር ላይ ቆመ። አንድ ጣሳ ዘይት ይዟል። «ጋሽ ጥጋቡ፣ ይህን ፍሬኗ ላይ ልጨምርበት? ይሆናታል አይደል?» አለው። አባቴ ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ድሮ ቢሆን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይሰጠው ነበር። ጣሳውን ተቀበለው። ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው፣ ገለበጠው። ልጁ ቸኩሎ የመኪናዋ የፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን ላይ እጁን አድርጓል።

«አላውቅም» አለው አባቴ። «እስክናውቅ ድረስ አትክፈተው።»